ከእናት ለልጅ የሚተላለፍ የሸክላ ሙያ

ቡና በአገራችን ትልቅ ቦታ አለው። እንግዳ ሲመጣ ቡና ይፈላል። ለቅሶ ቤትም ቡና ይፈላል። የተጣሉ ጎረቤታሞች የሚታረቁት ብዙ ጊዜ ቡና ላይ ነው። ታዲያ ቡና ያለ ጀበና አይሆንም። ጀበና ደግሞ ከጭቃ ይሠራል። ጭቃ ግን ብቻውን ጀበና አይሆንም። የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል።

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። ዛሬ ጠዋት ቡና የጠጣንበትን ጀበና የሠራው ማን ነው? ቡናውን ከማን እንደ ገዛን እናውቃለን። ስኳሩን የሸጠልንን ባለ ሱቅ በስሙ እንጠራዋለን። ጀበናውን የሠራችውን ሴት ስም የሚያውቅ ግን ጥቂት ሰው ነው። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለ እነዚህ ሴቶች ሙያ ነው። ሙያው ምን ያህል ዕውቀት እንዳለበት፣ ከእናት ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ለምን እንደ ተናቀ፣ እንዳይጠፋም ምን ማድረግ እንደሚገባ ያስረዳል።

የቡና አገርና የሸክላ ገበያ

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ብዙ የቡና ከተሞች አሉ። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሊሙ ገነት፣ ሰርቦና ሰቃም የሚታወቁት በቡና ነው። ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚሄደው መንገድ ደግሞ ወደ ከፋ፣ ወደ ቦንጋ ያደርሳል።

ይህ አገር የቆየ የገበያ አገር ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በጊቤ ወንዝ አካባቢ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ። እነሱም ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ ናቸው። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ገዝተዋል። ጅሬን በሚባለው ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ መንግሥታቸው እስከ ዛሬ ቆሟል። ከኮረብታው በታች የሂርማታ ገበያ ይውል ነበር። ነጋዴዎች ከሩቅ አገር ወደ ሂርማታ ይመጡ ነበር። የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ይሸጡና ይገዙ ነበር። የነጋዴዎቹና የነገሥታቱ ታሪክ ተጽፏል። ለቤቱ ሁሉ ማብሰያ ይሠሩ የነበሩት ሴቶች ታሪክ ግን ብዙ አልተጻፈም።

ሸክላ በአፋን ኦሮሞ ሱጴ ይባላል። ምጣድ ኤሌ፣ የሸክላ ድስት ኦኮቴ፣ ጋን ደግሞ ጋኒ ይባላል። ጀበና ግን በአማርኛም በኦሮምኛም ጀበና ነው።

የሸክላ ሥራና የቡና ሥራ አንድ ወቅት ይጋራሉ። በክረምት ሸክላ መሥራት ያስቸግራል። ዕቃው ቶሎ አይደርቅም፤ እንጨቱም ይረጥባል። ዝናቡ ሲያባራ ግን ጭቃው ይቆፈራል፤ ዕቃውም ይተኮሳል። ቀይ ቡና የሚለቀመው በዚሁ ጊዜ፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ቡና ለቃሚው ገንዘብ ይይዛል። ያረጀ ምጣዱን ይለውጣል፤ አዲስ ጀበና ይገዛል። ስለዚህ የቡናው ዋጋ ጥሩ ሲሆን ሸክላ ሠሪዋም ትጠቀማለች። ቡናው ሲረክስ ደግሞ የእሷም ገበያ ይቀዘቅዛል።

የሸክላ ዕቃ ጥቅሙ ምንድን ነው?

የሸክላ ዕቃ ብዙ ዓይነት ነው። እንጀራ በምጣድ ይጋገራል። ወጥ በድስት ይሠራል። ጠላ በጋን ይጠመቃል። ውሃ በእንስራ ይቀዳል። ቡና በጀበና ይፈላል። ከሰል በማንደጃ ይነዳል። ዕጣን በማጨሻ ይጨሳል። አንድ ቤት ሲመሠረት መጀመሪያ ከሚገቡት ዕቃዎች አብዛኞቹ ከሸክላ የተሠሩ ነበሩ።

በእንስራ ያለ ውሃ ለምን ይቀዘቅዛል? በእንስራው ገላ ላይ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። ውሃው በእነዚህ ቀዳዳዎች ቀስ እያለ ወደ ውጭ ያዛል። ንፋስ ሲያገኘው ይተናል። ሲተን ከእንስራው ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ በውስጥ የቀረው ውሃ ይቀዘቅዛል። የፕላስቲክ ጀሪካን እንዲህ ያለ ቀዳዳ ስለሌለው ውሃን እንደ እንስራ አያቀዘቅዝም።

የጀበናም ቅርጽ እንዲሁ ዝም ብሎ የተገኘ አይደለም። ሆዱ ሰፊ የሆነው እሳቱ በደንብ እንዲያገኘውና ዝቃጩ ወደ ታች እንዲወርድ ነው። አንገቱ የጠበበው ቡናው እንዳይገነፍልና ሽታው ቶሎ እንዳይጠፋ ነው። ታቹ ድቡልቡል ስለሆነ በሜዳ ላይ ብቻውን አይቆምም። ስለዚህ በማቶት ላይ ይቀመጣል። አቦሉም፣ ቶናውም፣ በረካውም በዚሁ በአንድ ጀበና ይፈላሉ። ሲኒው ከውጭ አገር የመጣ ሊሆን ይችላል። ጀበናው ግን የመንደር ሴት የሠራችው ነው።

ጭቃው ዕቃ የሚሆነው እንዴት ነው?

ሸክላ ሠሪዋ ሥራዋን የምትጀምረው አፈር በመምረጥ ነው። ሁሉም አፈር ለሸክላ አይሆንም። አሸዋ የበዛበት አፈር አይያያዝም። በጣም የሚያጣብቅ አፈር ደግሞ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን በጣቶቿ ታሸዋለች። በውሃ አርሳ እንደ ገመድ ታድበለብለዋለች። ስታጥፈው ካልተሰነጠቀ ጥሩ ነው ትላለች። ብዙዎች ሁለት ዓይነት አፈር ይቀላቅላሉ። የትኛው ከየትኛው ጋር ምን ያህል እንደሚቀላቀል የሚያውቁት በልምድ ነው።

አፈሩ ከተቆፈረ በኋላ ይሰጣል። ሲደርቅ ይወቀጣል፤ ይነፋል፤ ጠጠሩና ሥሩ ይለቀማል። ከዚያ ውሃ ይጨመርበትና ይቦካል። ማቡካቱ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። በጭቃው ውስጥ አየር ከቀረ ዕቃው በቀላሉ ሊሰነጠቅ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በብዙ ቦታ ሸክላ ሠሪዎች የተሰበረ ዕቃ አይጥሉም። ገሉን ወቅጠው ከአዲሱ ጭቃ ጋር ይቀላቅሉታል። ይህ ለምን ይጠቅማል? ገሉ አንድ ጊዜ እሳት ያየ ስለሆነ ከእንግዲህ አይሸበሸብም። ስለዚህ አዲሱን ጭቃ ደግፎ ይይዘዋል፤ ሲደርቅም ሲተኮስም እንዳይሰነጠቅ ይረዳዋል። እንዲህ ከሆነ አያት የሠራችው ጋን ቢሰበርም ጨርሶ አይጠፋም። ተወቅጦ የልጅ ልጇ በምትሠራው ጀበና ውስጥ ይገባል።

ቀጥሎ ዕቃውን ማቆም ነው። የአካባቢያችን ሸክላ ሠሪዎች የሚሽከረከር መሣሪያ አይጠቀሙም። መሣሪያቸው እጃቸው ነው። የቦካውን ጭቃ ድቡልቡል አድርገው መሐሉን በጡጫ ይከፍቱታል። ከዚያ ግድግዳውን በጣት እየሳቡ ወደ ላይ ያወጡታል። ለትልቅ ዕቃ ጭቃውን እንደ ገመድ አድበልብለው በክቡ ዙሪያ ይደርቡታል። ሴትየዋ ዕቃውን አታዞርም፤ እሷ ራሷ ጎንበስ ብላ ዕቃውን ትዞረዋለች። ጋን የምትሠራ ሴት በቀን ስንት ጊዜ እንደምትዞር መገመት ነው።

ጀበና ሲሆን በአንድ ጊዜ አያልቅም። መጀመሪያ ሆዱ ይሠራል። ሆዱ ትንሽ ጠንከር ሲል አንገቱ ይቀጠላል። ከዚያ ጡቱና እጀታው ይገጠማሉ። ጭቃው በጣም እርጥብ ከሆነ በራሱ ክብደት ይወድቃል። በጣም ከደረቀ ደግሞ አዲሱ ከአሮጌው ጋር አይያያዝም። የሚቀጠልበትን ትክክለኛ ሰዓት ሸክላ ሠሪዋ በጣቷ ነካ አድርጋ ታውቀዋለች። ትርፉን ጭቃ በቢላዋ ወይም በቀርከሃ ስባሪ ትፍቀዋለች። በእርጥብ ጨርቅ ታለሰልሰዋለች። በመጨረሻም ከወንዝ በተለቀመ ለስላሳ ጠጠር እስኪያበራ ድረስ ታሸዋለች። ማሸቱ ለጌጥ ብቻ አይደለም። ጥቃቅኑን ቀዳዳ ስለሚደፍን ዕቃው ቶሎ እንዳያፈስ ያደርጋል።

ከዚህ በኋላ ዕቃው በጥላ ሥር ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ቢወጣ ውጩ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። የሚደርቅበት ጊዜ እንደ ዕቃው ውፍረትና እንደ አየሩ ነው። ትልቅ ጋን ከትንሽ ጀበና የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

የመጨረሻው ፈተና እሳት ነው

ዕቃውን በእሳት ማብሰል መተኮስ ይባላል። ዕቃዎቹ በሜዳ ላይ ይደረደራሉ። በሥራቸውና በላያቸው እንጨት፣ ኩበት፣ ጭድና ደረቅ ቅጠል ይደረጋል። ከዚያ እሳት ይለኮሳል። በሜዳ ላይ የሚነድ እንዲህ ያለ እሳት ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሙቀት ሊደርስ ይችላል።

ጥሬ ጭቃ ምንም ቢደርቅ ውሃ ሲነካው ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። ሙቀቱ ወደ 600 ዲግሪ ሲጠጋ ግን በአፈሩ ባሕርይ ውስጥ ተያይዞ የነበረው ውሃ ይወጣል። አፈሩ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ እንኳ ጭቃ አይሆንም። የጥንት ታሪክ የሚመረምሩ ሰዎች በአክሱምም ሆነ በሌላ ቦታ ሲቆፍሩ ገል የሚያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። እንጨት ይበሰብሳል፤ ብረት ይዝጋል፤ ገል ግን በመሬት ውስጥ ሺህ ዓመት ይቆያል።

እሳቱ በድንገት ከበረታ በዕቃው ውስጥ የቀረው እርጥበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል። መውጫ ሲያጣ ዕቃውን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ እሳቱ ቀስ ብሎ መጀመር አለበት። ንፋስ ቢነሣ ወይም ድንገት ዝናብ ቢመጣ የብዙ ቀን ድካም በአንድ ሰዓት ይጠፋል።

ጀበናው የሚጠቁረው በጭስ ነው። ዕቃው ገና ግሎ ሳለ በቅጠል ወይም በገለባ ይታፈናል። አየር ሲያጣ ጭሱ ይበዛል። ጥላሸቱም በሸክላው ገላ ውስጥ ይገባል። ይህ ጥቁረት ቀለም ስላልሆነ በውሃ ታጥቦ አይለቅም።

አዲስ ዕቃ የገዛ ሰውም የራሱ ሥራ አለው። ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ አይጋገርበትም። ምጣዱ ግሎ በተወቀጠ ጎመን ዘር ይታሻል። ቅባቱ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ እንጀራውም አይያዝም። ሲገዙም ማስተዋል ያስፈልጋል። ዕቃውን በጣት ኳ ኳ ማድረግ ነው። እንደ ደወል ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ በደንብ ተተኩሷል። ድምፁ ከታፈነ ስንጥቅ ይኖርበታል።

ትምህርት ቤቱ የእናት ደጅ ነው

ታዲያ ይሄ ሁሉ ዕውቀት የት ተጻፈ? የትም አልተጻፈም። ያለው በእናቶች እጅ ውስጥ ነው።

የሸክላ ሠሪ ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምራ ጭቃ ትነካለች። በመጀመሪያ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ትጫወታለች፤ ትንሽ ድስት፣ ትንሽ ላም ትሠራለች። ከፍ ስትል ውሃ ታመላልሳለች፤ አፈር ትነፋለች፤ ጠጠር ትለቅማለች። ቀጥሎ ክዳንና ማቶት እንድትሠራ ይፈቀድላታል። ሲበላሽባት እናቷ ታፈርሰውና እንደገና ትጀምራለች። ጀበና፣ ምጣድና ጋን የሚመጡት በኋላ ነው።

እናት ብዙ አትናገርም። ልጅቱ የምትማረው እያየች ነው። አንዳንዴ ግን እናት የልጇን እጅ ይዛ፣ «ልጄ፣ ጭቃ ሲቸኩሉበት ይሰነጠቃል» ትላታለች። ልጅቱ ስታገባ ደግሞ ከአማቷ ሌላ ዘዴ ልትማር ትችላለች። እንዲህ እያለ ሙያው ከእናት ወደ ልጅ፣ ከአማት ወደ ምራት ይሄዳል። አባትና ወንዶች ልጆችም አፈር በመሸከም፣ እንጨት በማምጣትና ዕቃውን ገበያ በማድረስ ይረዳሉ። ሸክላ የአንዲት ሴት ሥራ ይምሰል እንጂ የቤተሰብ ሥራ ነው።

ሸክላ የሚያውቁ ሰዎች ዕቃውን አይተው የማን መንደር ሥራ እንደ ሆነ ይለያሉ። የአንገቱ ርዝመት፣ የከንፈሩ ውፍረት፣ በሆዱ ላይ ያለው ጭረት ይነግራቸዋል። ስም አልተጻፈበትም፤ እጁ ግን ይታወቃል።

በእጇ ሥራ እየተጠቀሙ እሷን መናቅ

ይህን ያህል ዕውቀት ያላት ሴት መከበር ነበረባት። የሆነው ግን ሌላ ነው። በብዙ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ አካባቢዎች ሸክላ ሠሪዎች ከሌላው ሕዝብ ተለይተው እንዲኖሩ ይደረግ ነበር። የእርሻ መሬት አይሰጣቸውም ነበር። ከእነሱ ጋር መጋባት ነውር ነበር። ወደ ሰው ቤት መግባትም በብዙ ቦታ ይከለከሉ ነበር። በአንዳንድ ቦታ የሚበሉት ነገር በዕቃ ሳይሆን በቅጠል ይሰጣቸው ነበር። ባለቤቱ እሷ በሠራችው ጀበና ቡና ይጠጣል፤ እሷን ግን በሲኒው አያስነካትም። ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

በሰሜኑም የአገራችን ክፍል ነገሩ የተሻለ አልነበረም። ሸክላ ሠሪውንና ብረት ቀጥቃጩን «ጠይብ» ይሉታል። ቡዳ ነው እያሉ ይሸሹታል። እስቲ ቃሉን እንመርምረው። ጠይብ «ጠቢብ» ከሚለው ቃል ጋር ዘመድ ነው። ጠቢብ ማለት ዐዋቂ፣ ባለ ጥበብ ማለት ነው። የክብር ስም የነበረው ቃል ስድብ ሆነ ማለት ነው። «ባለ እጅ» የሚለውም እንዲሁ ነው። እጅ የሌለው ሰው አለ ወይ? ሠርቶ የሚበላ እጅስ ለምን ያሳፍራል?

ቡዳ የሚባለው ነገር እውነትነት የለውም። ጥላቻው የመጣው ካለማወቅ ነው። ሰው አፈርን ወደ ሸክላ፣ ድንጋይን ወደ ብረት ሲለውጥ ያየ ሰው፣ የእሳቱን ሥራ ስላልተረዳ አስማት መሰለው። መሬት ያለው ደግሞ መሬት የሌለውን ለመናቅ ምክንያት ይፈልግ ነበር።

ይህን ንቀት ለማስቀረት በልዩ ልዩ ጊዜ ሕግ ወጥቷል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ለማረስ የፈለገ ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይባል፣ መሬት እንዲሰጠው ደነገገ። በዚህ ጊዜ ከዚያ በፊት መሬት ያልነበራቸው አንዳንድ ሸክላ ሠሪዎች መሬት አገኙ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ለድሀውና ለሴቱ የፊደል በር ከፈተ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን፣ በዘርም ሆነ በሌላ ማኅበራዊ አመጣጥ ልዩነት እንደማይደረግ ይናገራል።

ሕጉ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሕግ ብቻውን የሰውን ልብ አይለውጥም። ዛሬም በአንዳንድ ቦታ ሸክላ ሠሪ በመሆኗ የምትገለል፣ ልጇም በትምህርት ቤት የሚሰደብባት እናት አለች። ልጁ በዚህ ምክንያት የእናቱን ሙያ ይጠላል። ሙያው የሚጠፋው መጀመሪያ በልጁ ልብ ውስጥ ነው።

በሌላው ዓለምስ?

በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ፣ ኒው ሜክሲኮና አሪዞና በሚባሉት ግዛቶች ፑዌብሎ የሚባሉ ሕዝቦች ይኖራሉ። አውሮፓውያን ወደዚያ ከመድረሳቸው በፊት የነበሩ የአገሩ ባለቤቶች ናቸው። እነሱም እንደ እኛ ሸክላ ይሠራሉ። የሚሽከረከር መሣሪያ ሳይጠቀሙ ጭቃውን እንደ ገመድ እያድበለበሉ በእጅ ይደርባሉ። አኮማ በሚባለው መንደር ገል ወቅጠው ከጭቃ ጋር ይቀላቅላሉ። በለስላሳ ጠጠር ያሻሉ። በኩበት ይተኩሳሉ። ብዙዎቹ አፈር ሲቆፍሩ መሬቱን ያመሰግናሉ። ከኢትዮጵያ እጅግ በራቀ አገር፣ እኛን ሳያውቁ፣ ተመሳሳይ ዘዴ ማግኘታቸው የሚያስደንቅ ነው።

ከእነሱ መካከል ማሪያ ማርቲኔዝ የምትባል ሴት ነበረች። የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1887 ሳን ኢልዴፎንሶ በሚባል መንደር ነው። ሸክላ የተማረችው ከአክስቷ ነው። በዚያ ዘመን የብረት ድስት በርካሽ ይሸጥ ስለ ጀመረ የሸክላ ሥራ እየተዳከመ ነበር። በአካባቢው ጥንታዊ ቦታ የሚቆፍሩ ሰዎች የድሮ ገል አገኙና እንደዚያ ያለ ዕቃ እንድትሠራ ጠየቋት። እሷና ባሏ ጁሊያን ብዙ ሞከሩ። በመጨረሻም በእሳቱ ላይ የተፈጨ እበት በመነስነስ ጭሱን አፍነው የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሸክላ ሠሩ። በላዩም ጁሊያን ደብዘዝ ያለ ጥቁር ጌጥ ይሥልበት ነበር። ጀበና የሚጠቁርበት ዘዴም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ማሪያ ዘዴውን ለብቻዋ ደብቃ አልያዘችም፤ ለመንደሯ ሴቶች አስተማረች። እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በምትሠራው ዕቃ ሥር ስሟን ትጽፍ ጀመር። ዕቃዋ በስሟ ይፈለግ ጀመር፤ ዋጋውም ከፍ አለ። መንደሩም ከሸክላ ገቢ አገኘ። ማሪያ እ.ኤ.አ. በ1980 ስታርፍ ልጇና የልጅ ልጆቿ ሙያውን ይዘው ነበር። ዛሬ ሥራዋ በትላልቅ ቤተ መዘክሮች ይታያል።

የፑዌብሎ ሕዝብ ኑሮ ግን ቀላል ነበር ማለት አይደለም። መሬታቸው ተወስዶባቸዋል። ልጆቻቸውም ከቤተሰብ ተለይተው ቋንቋቸውን በሚከለክል ትምህርት ቤት እንዲያድሩ ተደርገዋል። ይሁን እንጂ ሸክላቸው ስምና ክብር ስላገኘ ልጆቻቸው ሙያውን አልሸሹትም። በእነሱ ጭቃና በእኛ ጭቃ መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል አይደለም። ትልቁ ልዩነት በዕቃው ሥር የተጻፈው ስም ነው።

የዛሬ ችግሮች

በጅማና በአካባቢዋ ያሉ ሸክላ ሠሪዎች ዛሬ ብዙ ችግር አለባቸው። የመጀመሪያው አፈር ነው። ጥሩ ጭቃ የሚገኝበት ቦታ የሌላ ሰው ይዞታ ሲሆን፣ ወይም ባሕር ዛፍ፣ ጫትና ቡና ሲተከልበት፣ ሸክላ ሠሪዋ ገንዘብ ካልከፈለች አትቆፍርም። ሁለተኛው እንጨት ነው። ደን ሲመነምን የማገዶ ዋጋ ይንራል። ሦስተኛው ፕላስቲክና አሉሚኒየም ነው። ጀሪካን እንስራን፣ የብረት ድስት የሸክላ ድስትን ከብዙ ቤት አስወጥቷል።

አንዱና ከሁሉ የከፋው ግን የተተኪ ማጣት ነው። ሙያ ከሰው ጋር ይሄዳል። በጎንደር አካባቢ፣ ለምሳሌ በወለቃ፣ የቤተ እስራኤል ሴቶች በሸክላ ሥራ የታወቁ ነበሩ። በ1977 ዓ.ም.ና በ1983 ዓ.ም. በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሄዱ። ከሄዱት እናቶች ጋር የእጃቸው ዕውቀት አብሮ ሄዷል። ሰው ከአገር ሳይወጣም ይኸው ሊደርስ ይችላል። ልጅ ሙያውን ስትተው እናት ስታርፍ ሁሉም ነገር ያልቃል።

ቢሆንም ሸክላ ጊዜው አልፎበታል ማለት አይቻልም። በከተማ በኤሌክትሪክ የሚጋግሩ ሰዎች ምጣዳቸውን ገልብጠው ቢያዩ ምን ያገኛሉ? በሸክላው ላይ የተቆፈረ መስመርና በውስጡ የተቀበረ ሽቦ ያገኛሉ። ምጣዱ ያው ሸክላ ነው። ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃም በውስጡ የሸክላ ልባስ አለው። ሙቀትን ስለሚይዝ ከሰል ይቆጥባል። ጀበናንም እስካሁን የሚተካው አልተገኘም። ብረት ጀበና ቡናውን ያፈላዋል፤ ብዙ ሰው ግን ጣዕሙ አንድ አይደለም ይላል።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ስድቡን እንተው። ልጆች ከቤት የሰሙትን ነው በትምህርት ቤት የሚደግሙት። «ጋን በጠጠር ይደገፋል» ይባላል። ትልቁ ቤት የቆመው ትንሽ ናት ብለን በናቅናት ሴት ድካም ነው።

ሁለተኛ፣ ዋጋ ስንከራከር እናስብ። አንዲት ሴት 10 ጀበና ተኩሳ 2ቱ ቢሰነጠቁባት፣ የ10ሩን አፈር፣ የ10ሩን እንጨትና የ10ሩን ድካም የምታወጣው ከ8ቱ ነው። ሸክላ ሠሪዋም ይህን በወረቀት ብታሰላ በኪሳራ አትሸጥም። «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» የሚለው ተረት የወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ደግ ደጉን ለገበያ አውጥታ ለራሷ የሚቀራት ስባሪው ነበርና።

ሦስተኛ፣ ሸክላ ሠሪዎች ቢደራጁ ይጠቅማቸዋል። አፈር የሚቆፈርበትን ቦታ በጋራ ጠይቀው ማስከበር፣ እንጨት በጋራ መግዛት፣ ከዝናብ የሚከልል ዳስ በጋራ መሥራት ይችላሉ። አንዷ ብቻዋን ያልቻለችውን አሥር ሆነው ይችሉታል።

አራተኛ፣ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ለዚህ ሙያ ሊደርስለት ይችላል። የእናቷን ሙያ የምትማር ልጅ ደብተር ትያዝ። አፈሩ ከየት እንደሚመጣ፣ ስንት እጅ ገል እንደሚገባበት፣ ስንት ቀን እንደሚደርቅ፣ በምን እንጨት እንደሚተኮስ ከእናቷና ከአያቷ እየጠየቀች ትጻፍ። ጽሑፍ እጅን አይተካም፤ ጭቃን በመንካት እንጂ በማንበብ ብቻ የሚማር የለም። ነገር ግን የተጻፈ ነገር አስታዋሽ ይሆናል።

አምስተኛ፣ ሸክላ ሠሪዋ ስሟን ትጻፍ። ጭቃው ሳይደርቅ በቀጭን እንጨት በጀበናው ሥር የራሷንና የመንደሯን ስም መጻፍ ትችላለች። ይህ ምንም ገንዘብ አያስወጣም። የሚያስፈልገው ፊደል ማወቅ ብቻ ነው። ጀበናው ሲተኮስ ስሙም አብሮ ይተኮሳል። ከዚያ በኋላ ውሃ አያጠፋውም። ገዢው ዕቃው ቢጥመው ተመልሶ ይፈልጋታል። ጀበናው አንድ ቀን ቢሰበር እንኳ ስሙ በገሉ ላይ ይቀራል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በእንስራ ያለ ውሃ ከጀሪካን ውሃ የበለጠ የሚቀዘቅዘው ለምንድን ነው?
2. የተወቀጠ ገል ከአዲስ ጭቃ ጋር የሚቀላቀለው ለምን ይጠቅማል?
3. «ጠይብ» የሚለው ቃል «ጠቢብ» ከሚለው ጋር ምን ግንኙነት አለው? ቃሉ ስድብ የሆነው ለምን ይመስላችኋል?
4. ማሪያ ማርቲኔዝ ለመንደሯ ሴቶች ምን አደረገች?
5. በአካባቢያችሁ ሸክላ የሚሠሩ ሰዎች አሉ? አፈሩን ከየት እንደሚያመጡና ከማን እንደ ተማሩ ጠይቃችሁ ጻፉ።